የአበልጅ ጎማ

ናይም ጎማ ሲመርጥ አታናግሩት። መጀመሪያ ይገለብጠዋል። ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች ያነባል፤ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። ቀጥሎ የአውራ ጣቱን ጥፍር የጎማው ጥርስ ላይ ይተክላል። ደጅ ሲቀዘቅዝ ያደረ የበረዶ ጎማ ጥፍር ካላስገባ፣ “ይሄ ለባሕር ዳርቻ ነው፤ ብርቱካን ጫንበት” ይልና ወደ ነጋዴው መልሶ ያንከባልለዋል። በመጨረሻ ያሸተዋል። አዎ፣ ያሸተዋል። የኤርዙሩም ከተማ ሾፌሮች መጀመሪያ ሰሞን ስቀውበት ነበር፤ ኋላ ግን ኅዳር በገባ ቁጥር “ና እስቲ አሽትትልኝ” እያሉ ጋራዥ ለጋራዥ ይጎትቱት ጀመር።

ኮፕ ተራራን ሃያ ሰባት ዓመት በጭነት መኪና ተመላልሶበታል። ኮፕ ላይ በረዶ ሲጥል መንገዱም ገደሉም አንድ ነጭ ነው። ፍሬንህም፣ ጸሎትህም፣ ጉልበትህም መሬት የሚነኩት በጎማው በኩል ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በጎማ አይቀልድም። ናይምም ለሰው ሲሆን አይቀልድም ነበር።

ለራሱ ግን መርጦ አያውቅም። ለእሱ የሚመርጥለት ሰዳት ነው፤ ጋራዥ ሰፈር ትልቁ ጎማ ነጋዴ። ሰዳት ደግሞ አበልጁ ነው። የናይም ልጅ ታሪቅ የተገረዘ ዕለት ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ የያዘው እሱ ነው። የልጁ ደም የሰዳት ሱሪ ላይ ጠብ ብሏል። እዚህ አገር ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤቶች አንድ ቤት ናቸው፤ ልጆቻቸው እንኳ እንደ ወንድምና እህት ስለሚቆጠሩ አይጋቡም። ከአበልጅ ጋር ዋጋ መከራከር ነውር ነው። አበልጅ የሰጠህን ዕቃ ገልብጦ ማየት ደግሞ ፊቱ ላይ ከመትፋት እኩል ነው።

ስለዚህ ሰዳት “አዘጋጅቼልሃለሁ” ሲለው ናይም መኪናውን ያስገባና ሻይ ይቀርብለታል። እንደ አገሩ ወግ ስኳሩን ከምላሱ ሥር ይዞ ስለ ልጆቹ ያወራል። እሱ ሲያወራ የሰዳት ሠራተኞች ጎማውን አስረው ይጨርሳሉ፤ ተቃቅፈው ይለያያሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት።

ዘንድሮም እንደዚያው ሆነ። ለኋላው ድርብ እግር አራት አዲስ የበረዶ ጎማ ታሰረለት።

“እነዚህማ ኮፕን እንደ ሜዳ ነው የሚያስነዱህ አበልጄ” አለው ሰዳት ትከሻውን መታ እያደረገ።

“አንተ ካልክ አለቀ” አለ ናይም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዱቄት ጭኖ ከአሽካሌ ወደ ላይ ሲወጣ በረዶው ያዘው። ከመጨረሻው መታጠፊያ ሲደርስ መኪናው መውጣት አቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ናይም እዚያ ቦታ ላይ ፍሬን ረግጦ የቀረ ስንት ሰው ያውቃል። መሪውን ሰበረና የመኪናውን ኋላ ዳር ላይ ከተጠረገው የበረዶ ክምር ጋር አላተመው። ቆመ። ወረደ። ከመኪናው የኋላ እግር እስከ ገደሉ አፍ በእርምጃ ለካው፤ ሁለት እርምጃ ነው።

ሰንሰለት አስሮ እንደምንም ተመለሰና አሽካሌ ያለ ጎሚስታ ዘንድ ገባ። ጎሚስታው ያሳር ይባላል፤ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ ነው።

“አንተን ደግሞ ኮፕ መለሰችህ? ዛሬስ ጉድ ነው” አለ ክሪኩን እያስገባ። “ከማን ነው የገዛኸው?”

“ከአበልጄ።”

ያሳር አንዱን ጎማ አውልቆ አስተኛውና አፉን ያዘ። ናይም ጥፍሩን ተከለበት፤ አልገባም። ዳር ዳሩን በጣቱ ሲከተለው አዲሱ ጥርስ ከአሮጌው ጎማ ላይ የተለጠፈበት መስመር ተላቆ አገኘው። ያለቀ ጎማ ላይ አዲስ ቆዳ ለብጠውበታል፤ ለዚያውም ለበረዶ የማይሆን ደረቅ ቆዳ። ከዚያ ገለበጠው። ድርብ እግር ላይ ሁለቱ ጎማዎች የሚተያዩበት፣ ሲታሰር የማይታየው ጎን ላይ፣ በጋለ ብረት የተጻፈ የታርጋ ቁጥር ነበር። ግማሹ ተፍቋል። የቀረው ግን ይነበባል።

የራሱ ታርጋ ነው። ሌባ እንዳይወስድበት ብሎ በገዛ እጁ ያተመው። የዛሬ ስድስት ዓመት ሲያልቁበት ሰዳት “የጡብ ምድጃ ማገዶ ይሆናሉ” ብሎ የወሰዳቸው ጎማዎቹ ናቸው። አበልጁ የሞቱ ጎማዎቹን ቆዳ አልብሶ አዲስ ናቸው ብሎ ለራሱ ለናይም መልሶ ሸጠለት።

ናይም ጎማው ላይ ተቀመጠ። እንባው መጣ። ብርዱ ነው ቢል ያሳር ያምነው ነበር።

ማክሰኞ ሰዳት ዘንድ ሄደ። ሰዳት አልካደም። ምነው በካደ!

“ታርጋውን እንዲፍቁት ነግሬያቸው ነበር” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ይሄ ነው መልስህ?”

“ምን ልበልህ ናይም? ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሸጠው።”

“ለሁሉም ሽጥ እንግዲህ። ለእኔ ግን እንዴት አስቻለህ?”

ሰዳት የሻይ ብርጭቆውን አዞረ፣ መልሶ አዞረ። “ላንተማ የግድ ነበር። ሾፌሩ ሁሉ እዚህ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀኝ ‘ናይም ምን አሰረ?’ ብሎ ነው። አንተ ሳታስር ማን ይገዛኛል?”

ናይምን ከሰኞው ገደል ይልቅ ይሄ አስፈራው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጠጣው ሻይ ለዚህ ነበር እንዴ?

“ደግሞ” አለ ሰዳት፣ አሁን ቆጣ ብሎ፣ “የሰው ሁሉ ጎማ የምታሸት ሰውዬ የራስህን አታይም ብዬ በምን ልጠርጥር? ብታየው እኮ እቀይርልህ ነበር። ስቀንበት እናልፈው ነበር።”

“ያንተን ዕቃ ልገልብጥ? እፊትህ?”

ሰዳት ዓይኑን ሰበረ። ተነሣና የናይምን እጅ ያዘ። “በታሪቅ ሞት ይዤሃለሁ፣ ለሰው እንዳትናገር። ከተሰማ ቤቴ ተዘጋ ማለት ነው። ያልተሸጡትን አስወግዳለሁ።”

በልጁ ሞት ከያዘው በኋላ ናይም ምን ይበል? ሌላ ቦታ ሄዶ፣ እንደ ባዳ ገልብጦ፣ አሽትቶ አራት ጎማ ገዛ። ሚስቱን ጉልሸንን እንኳ “ጎማ ተንፍሶብኝ ነው የዘገየሁት” ብሎ ሸነገላት። ረቡዕን ቀኑን ሙሉ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። ሰዳትን ሊያንቀው ይፈልጋል። ደግሞ ይህን ሁሉ ጉድ ሄዶ ለሰዳት ሊያወራው ይፈልጋል፤ ሆድ በባሰው ቀን ሁሉ የሚሄደው እሱ ዘንድ ነበርና። ኧረ እንዲህ ያለ መከራ አላህ አያሳያችሁ።

ሐሙስ ጠዋት መኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ገባ። ፋዝል የሚባል የድሮ ባልንጀራው ቦታ ለቀቀለት።

“ኦክታይም እኮ ያንተን ዓይነት አሰረ” አለው ፋዝል። “ሰዳት ‘ናይም ኮፕን በነዚህ ነው የሚወጣት’ ሲለው ጊዜ ልጁ አንዴም አላንገራገረ። ብረት ጭኖ አሁን ወጣ፣ ኮፕን ተሻግሮ ወደ ባይቡርት።”

ሾፌሩ ኦክታይ ገና ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ሁለት ሕፃናት አሉት። ናይም በመስኮት ወደ ኮፕ አቅጣጫ አየ። ሰማዩ ጠቁሯል። ስልክ ደወለ፤ አይነሣም።

“የፒካፕህን ቁልፍ ስጠኝ” አለ።

“ምን ሆነህ ነው?”

“ቁልፉን ስጠኝ ፋዝል።”

አሽካሌን አልፎ፣ ዳገቱ ከሚጀምርበት ላይ ደረሰበት። በረዶው መጣል ጀምሯል። ናይም ቀደመውና ፒካፑን መንገዱ ላይ አጋድሞ አቆመ። ኦክታይ ከጋቢናው ብቅ አለ፤ እየሳቀ ነው።

“ጋሼ ናይም፣ ምነው? ነዳጅ አለቀብዎት?”

“አትውጣ። ጎማህ የሞተ ነው፤ አሮጌ ላይ ለብጠው ነው የሸጡልህ። እዚሁ አራግፍ።”

ሳቁ ጠፋ። “ከሰዳት ነው የገዛሁት። የርስዎ አበልጅ አይደል?”

“አበልጄ ነው። አታሎኛል፤ አንተንም አታሎሃል።”

ኦክታይ አንገቱን ነቀነቀ። “ጋሼ፣ ይሄን ከርስዎ አፍ ባልሰማ ይሻለኝ ነበር። ሰው አበልጁን እንዲህ ይላል? ምን አጣልቷችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እኔን አያስገቡኝ። መኪናዎን ያንሡልኝ።”

እውነት ለመናገር ናይም ራሱ ከሳምንት በፊት ቢሰማ እንደዚሁ ነበር የሚለው። ስለዚህ አልተከራከረውም። ሄደና ከከባዱ መኪና ፊት፣ በረዶው ላይ ቁጭ አለ።

“በላዬ ላይ እለፍ” አለ።

ኦክታይ ጡሩንባውን ነፋ። ናይም አልተነሣም። በመጨረሻ እየተራገመ ወረደና ወደ ኋላ እግር ሄደ። ናይምም ተነሥቶ ተከተለው። የልጁን እጅ ይዞ አውራ ጣቱን ጎማው ጥርስ ላይ አስቀመጠለት። ኦክታይ ጥፍሩን ተጫነ። መልሶ ተጫነ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዳሩን በጣቱ ተከተለ፤ የተለጠፈው ሲላቀቅ በዓይኑ አየው። ጥፍሩ ሥር ደም እስኪቋጥር ጎተተው።

ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል። ጋሼነቱም፣ አክብሮቱም አብሮ ሄዷል።

“መቼ ነው ያወቅከው?” አለ።

“ሰኞ።”

“ዛሬ ሐሙስ ነው።”

“በልጄ ሞት ይዞኝ ነው፣ ኦክታይ። አበልጄ ነው፤ እንዴት ብዬ...”

“ትናንት ሚስቴንና ልጆቹን ጋቢና ጭኜ አያታቸውን ልጠይቅ በዚህ ጎማ ኮፕን ወጥቼ ወርጃለሁ” አለ ኦክታይ። “መንገዱ ደረቅ ስለነበረ ነው ዛሬ በሕይወት እዚህ የቆምኩት። ትናንት የት ነበርክ?”

ናይም ደም የቋጠረውን የኦክታይን ጥፍር አየ። ትናንት ቤቱ፣ ከምድጃው አጠገብ ነበር።