ስሙ የተጠራ ቤት

ያምሮት ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት የስልኳን ሚሞሪ ካርድ አውጥታ በሻሿ እጥፋት ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ከዚያ እጇን አንዴ ግንባሯ ላይ አሳርፋ ካርዱ መኖሩን ታረጋግጣለች። ከደጅ ሆኖ የሚያያት ሰው የምታማትብ ይመስለዋል። ካርዱ ከጥፍር አይበልጥም፤ ውስጡ ግን ያየችው ወንዝ፣ ገደልና ገበያ ሁሉ ተጠቅጥቆ ተቀምጧል። ስልኩ ላይ የምታስቀረው የእህቷን ልጅ የክርስትና ፎቶ ብቻ ነው።

የክርስትናውን ፎቶ ሆን ብላ ነው የምትተወው። አንድ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄድ ሚኒባሱ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ እንዲቆም ተደረገና መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ተፈተሸ። ስልኳን የተቀበላት ወጣት ጣቱን ወዲያና ወዲህ ቢያንሸራትት አንድም ፎቶ አጣ።

«ፎቶ የማይነሳ ሰው አለ እንዴ?» አላት።

«ብዙም አልወድም።»

«እንዲህ ቆንጆ ሆነሽ ካልወደድሽ፣ የምትደብቂው ነገር አለ ማለት ነው።»

ከኋላዋ የቆሙ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ጣልቃ ገቡ። «ተዋት ልጄ፣ ባሏ ቀናተኛ ሆኖባት ነው። የኔም እንደዚያው ነበር፤ ካረጀሁ በኋላ ነው የተወኝ።»

ሰው ሳቀ። ወጣቱም ሳቀና ስልኩን መለሰላት። ያምሮት ባል የላትም። ባዶ ስልክ ከሙሉ ስልክ የበለጠ እንደሚያስጠረጥር የገባት ያን ቀን ነው።

እኔና ያምሮት ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። ጂኦግራፊ ተምራ ተመርቃለች። በተማረችበት ሥራ ስታጣ አቶ ደጀኔ የሚባሉ ሰው ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች፤ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ትተይባለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። እሑድና የበዓል ቀን ደግሞ ከቅዳሴ መልስ በእግሯ ትወጣለች። በመጀመሪያ የላህን ወንዝ ተከትላ ብዙም ሳትርቅ ትመለስ ነበር። ቆይታ ጅጋ፣ ደምበጫ፣ ቡሬ ማለት አመጣች። ያየችውን ጽፋ «ማዶ» በሚል ስም በከፈተችው የጉዞ ብሎግ ላይ ታወጣዋለች። ያን ጊዜ የሚያነቧት ዘመዶቿና አብረዋት የተማሩ ልጆች ብቻ ነበሩ። አቶ ደጀኔም ያነቧታል፤ አንብበው ግን ይቀልዱባታል።

«ተጓዧ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ገደል ልታሳዪን ነው? እስቲ ገደሉን ተዪውና የእኒህን እናት ማመልከቻ ጨርሺላቸው።»

ኢንተርኔት ተዘግቶ በከረመበት ጊዜም መጻፏን አላቋረጠችም። ሲከፈት ያጠራቀመችውን በየሳምንቱ ማውጣት ጀመረች። መንገድ ፈርቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው በዝቶ ስለነበር፣ ሁሉም በእሷ እግር መሄድ የፈለገ ይመስል አንባቢዋ ጎረፈ። አንዱ «ይህ የእናቴ አገር ነው» ብሎ ይጽፍላታል፤ ሌላው «እዚያ ወንዝ ውስጥ ጫማዬን ጥያለሁ፣ ካገኘሽው አደራ» ይላታል። እሷም በየጽሑፏ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አታስቀርም ነበር፤ ያስተናገዳትን ቤት በስሙ ጠርታ ትመርቃለች። በእኛ አገር እንግዳ የሰው ቤት በልቶ ጠጥቶ ሲነሳ ባለቤቱን በስሙ ሳይመርቅ አይወጣም። በልቶ ዝም ያለ ሰው ወጭት ሰባሪ ይባላል። ያምሮት በዚህ አድጋለች። ስለዚህ የባለቤቱንና የሚስቱን ስም፣ ቤታቸው ከየትኛው ማዶ እንደሆነ፣ መንገዱን ያሳያት ማን እንደሆነ አስፍራ «ጎተራቸው አይጉደል» ብላ ትዘጋለች። አንባቢ ከሁሉ አብልጦ የሚወድላት ይህንን ነበር።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት አገኛት። የደወለላት ናሁሰናይ የሚባል ወጣት ነው። በየወሩ እየከፈሉ ሊያጽፏት እንደሚፈልጉ ነገራት። አገር ሲረጋጋ ጎብኚ የሚሄድበትን ካሁኑ ማዘጋጀት አለብን አላት። ከተስማሙ ከአቶ ደጀኔ ዘንድ ወጥታ በጽሑፏ ብቻ ትኖራለች ማለት ነው። ያን ቀን ማታ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ስትነግረኝ ድምጿ ከሹክሹክታ አይበልጥም ነበር፤ ጮክ ብላ ከተናገረችው የሚጠፋባት ይመስል።

«ብቻ መሄጃው በደንብ ይጻፍ አለኝ» አለችኝ። «ሰው መድረሻውን ካላወቀ ምኑን ጎበኘው አለ።»

በዚያው ወር፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ቡሬ ገበያ ድንች ስትገዛ እትዬ ገላነሽን ተዋወቀች። ይህ ስማቸው አይደለም፤ የባላቸውም ስም ክንዱ አይደለም። ባልና ሚስቱ ከቡሬ በታች የሚኖሩ አዊዎች ናቸው፤ ከእንግዳ ጋር በአማርኛ፣ እርስ በርሳቸው በአዊኛ ይነጋገራሉ። እትዬ ገላነሽ ልጅቱ ወንዝ እንደምትወድ ሲሰሙ «ከቤታችን በታችማ የሚወርድ ውሃ አለ አይደል» አሏትና ይዘዋት ሄዱ። አያ ክንዱ ሲያይዋት ለሚስታቸው በአዊኛ አንድ ነገር አሏቸው። እትዬ ገላነሽ ሳቁ። ምን እንዳሉ ያምሮት ስትጠይቅ «ድንች ሽጪ ብልክሽ ልጅ ገዝተሽ መጣሽ አለኝ» አሏት።

አያ ክንዱ በትራቸውን ይዘው ቁልቁል መሯት። ውሃው ከገደሉ ጫፍ ተወርውሮ ይወርዳል፤ ከኋላው ሰፊ ዋሻ አለ። በቀጭኗ መንገድ ዞረው ገቡ። አያ ክንዱ ዙሪያውን በትራቸው እያሳዩ «አንድ ሠርግ ሙሉ ሰው ቢቀመጥበት ከመንገድ የሚያየው የለም» አሏት። ሲመለሱም እንደ ወጉ እስከ ወንዙ መሻገሪያ ሸኟት።

ጽሑፏ ከወጣ በኋላ እንደዚያ የተነበበ ነገር አልነበራትም። የሠርጉን ነገር እንዳለ አስገብታዋለች። በመጨረሻም ሁለቱን በስማቸው መረቀች፤ ቤታቸው ከገደሉ አናት ላይ ብቻውን ያለ መሆኑን፣ መንገዱን ከአያ ክንዱ በቀር የሚያውቀው እንደሌለም ጻፈች። ናሁሰናይ ወዲያው ደወለ። አለቆቹ ሰኞ ጠዋት ገጹን ተሰብስበው እንደሚያዩትና ይህን ጽሑፍ ከፊት እንደሚያስቀድምላቸው ነገራት።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው አርብ ቀትር ላይ፣ ጽሕፈት ቤት ሳለች ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት። እትዬ ገላነሽ በሰው ስልክ ነበር የደወሉት።

«ልጄ፣ ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ እትዬ፣ እርስዎ ደኅና ነዎት? አያ ክንዱስ?»

«አለ። ሰዎች መጥተው ነበር። መሣሪያ የያዙ ናቸው። ዋሻውን አሳየን አሉት፣ አሳያቸው። እምቢ ይበል? አንተ ነህ መንገዱን የምታውቅ ተብሎ ተጽፏል ብለው ስሙን ከስልክ ላይ አነበቡለት።»

ያምሮት መቀመጫዋን ትታ ወደ ጓሮ ወጣች። «ምን አደረጓቸው?»

«ምንም። አይተው ሄዱ። እኔ የፈራሁ እነዚህን አይደለም። ነገ ሌሎቹ መጥተው ለማን አሳየህ ቢሉትስ? እኛ የማን እንደሆኑ አንጠይቅም፣ ልጄ። ያን የጻፍሽውን ማጥፋት ይቻል እንደሁ ብዬ ነው።»

«ይቻላል፣ እትዬ።»

«እንግዲያ አጥፊው። ምርቃትሽን በልብሽ አድርጊልን።»

ስትመለስ አቶ ደጀኔ ፊቷን አይተው መቀለዱን ተዉት። ውሃ ሰጧትና «ሰው ሞተ?» አሏት። «አልሞተም» አለች። ተቀምጣ የጀመረችውን ማመልከቻ ተየበች። ሦስት ጊዜ ተሳስታ ሦስት ጊዜ አረመችው።

እሑድ ሌሎቹ መጡ። እነሱም ጽሑፉን አይተውታል። አያ ክንዱን ዋሻውን ለማን እንዳሳዩ ጠየቋቸው፤ መልሰው ሳይጨርሱም ይዘዋቸው ሄዱ። ወሬው ፍኖተ ሰላም የደረሰው በአንድ የሚኒባስ ረዳት በኩል ነው። ያን ሰሞን ያምሮት እህል አልወርድላት አለ። ስልኳ ሲጮህ ትደነግጣለች፤ ዝም ሲልም ትደነግጣለች። የግቢያችን በር ሲንኳኳ ጫማዋን አጥልቃ ትቆማለች፤ ሊይዟት የመጡ እየመሰላት። ቤተ ክርስቲያን ትሄድና ከቅጽሩ ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ቆማ ትመለሳለች። ለምን ወደ ውስጥ እንደማትዘልቅ ስጠይቃት «ሰው ስሜን ይጠራኛል ብዬ» አለችኝ።

ጽሑፉን ከገጿ አነሳችው። ናሁሰናይ የዚያኑ ቀን ማታ ደወለ።

«ያምሪ፣ የፏፏቴው የት ገባ?»

የሆነውን ነገረችው። ከልቡ አዘነ። ከዚያ «ስሙን ብቻ ብናጠፋውስ?» አላት።

«ቦታውና ስሙ አንድ ነው። እዚያ ያለው ቤት የእሳቸው ብቻ ነው።»

«አንባቢውን ያመጣልሽ እሱ ጽሑፍ ነው እኮ፤ አለቆቼም የወደዱት እሱን ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው።

አያ ክንዱ ከሳምንት በኋላ ተለቀቁ። በቀጣዩ የገበያ ቀን ያምሮት ቡሬ ወረደች። መንገዱን ሙሉ ከሚኒባሱ መስኮት ውጭ አላየችም፤ ጉልበቷን እያየች ነው የደረሰችው። ባልና ሚስቱ ከበርበሬ ሻጮቹ ጎን ማዳበሪያ አንጥፈው ድንች እየሸጡ አገኘቻቸው። አያ ክንዱ ከስተዋል። በግራ ጆሯቸው አይሰሙም፤ ሰው ሲያናግራቸው ቀኙን ያዞራሉ። እትዬ ገላነሽ ቦታቸውን ለውጠው በቀኛቸው መቀመጥ ጀምረዋል። ያምሮት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አቀኗት።

«ምርቃትሽ ደረሰኝ፣ ልጄ» አሏት።

ቁጣ የለውም አለችኝ ስትነግረኝ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። የያዘችላቸውን ስኳር እትዬ ገላነሽ ተቀብለው ከጆንያው ሥር አኖሩት።

አያ ክንዱ ቀኝ ጆሯቸውን አዞሩላት። «ያ ነገር ጠፋ?»

«ጠፍቷል፣ አያ።»

«መች?»

«ወዲያው» አለች። «እትዬ እንደነገሩኝ።»

«እሰይ» አሉ። «እንግዲያ እነዚያ ቀድመው አይተውት ነበር ማለት ነው። ምን ታደርጊያለሽ።»

ልትሄድ ስትነሳ እስከ መናኸሪያው የሸኟት እትዬ ገላነሽ ናቸው። አያ ክንዱ ከተቀመጡበት አልተነሱም። አሟቸው ይሁን ሳይፈልጉ አላወቀችም፤ ለመጠየቅም ድፍረት አጣች።

ከአስጎብኚው ድርጅት ጋር ውሉን ፈረመች። ገንዘቡ እንደተባለው ባይሆንም ግማሽ ቀን ከጽሕፈት ቤቱ አስወጥቷታል፤ ጠዋት ለአቶ ደጀኔ ትተይባለች፣ ከሰዓት ትጽፋለች። አሁን የምትጽፈው ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ነው፤ ስለ ጢስ ዓባይ፣ ስለ ቆጋ የመስኖ ማሳ፣ ከአስፋልት ላይ ሆኖ ማንም ሊያየው ስለሚችለው። የቀድሞ ጽሑፎቿን አንድ በአንድ ከፍታ ምርቃቶቹን በሙሉ ፍቃቸዋለች። «ምርቃቱን ለምን ተውሽው? ከተማ ገባሽ እንዴ?» ብለው የሚጽፉላት አሉ። አትመልስላቸውም። አቶ ደጀኔ ደግሞ ከሰዓት ስትወጣ «ሂጂ እንግዲህ፣ የመንግሥት አስፋልት ጎብኚ» ይሏታል። ሳቋን እንዳያጡት ትስቅላቸዋለች። በሥራዋ ብቻ ለመኖር የቀራት ሌላው ግማሽ ቀን ነው። አዲስ ቦታ ካልወጣሽ አይሞላም ይላታል ናሁሰናይ። እሷ ግን የሰው አጥር ባየች ቁጥር ማዶ ተሻግራ ታልፋለች።

ይህን ጽፌ ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አንድ ነገር እንድተወው ለመነችኝ፣ እሺ አልኳት። በማግስቱ በሬን አንኳክታ፣ ሳትገባ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ሐሳቧን መለወጧን ነገረችኝ። «አስገቢው። ግን መጨረሻ ላይ አድርጊው። እዚያ ድረስ የሚያነብ ጥቂት ሰው ነው፤ በገጼ አይቼዋለሁ» አለችኝ።

አርብ እትዬ ገላነሽ ሲደውሉላት ጽሑፉ ገጹ ላይ ነበር። እሑድ ሁለተኞቹ ሲመጡም ነበር። ያነሳችው ሰኞ ከሰዓት፣ እነናሁሰናይ አይተው ከጨረሱ በኋላ ነው።