ባለጓንቱ ሽማግሌ ሲልክ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የድራማው ሰዓት ሲደርስ እኔ ዘንድ መጋዝ አይሰማም ነበር። የእንጨት ሥራ ቤቴ ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ነው። ሬዲዮኑ መደርደሪያው ላይ፣ ከሙጫው ቆርቆሮ አጠገብ ይቀመጣል። ያኔ ደርግ ከወረደ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ያለውም ለዚያች ሰዓት ትቶት ይመጣል። ጎረቤቱ ባልተላገው ጣውላ ላይ ይደረደራል፣ ልጅ ያዘለችዋ በሩ ላይ ትቆማለች፣ እኔም መላጊያዬን አስቀምጬ እቀመጣለሁ።

ድራማው ከውጭ አገር የድሮ የጀብዱ መጽሐፍ የተወሰደ ነው ይባላል። የእኔ ትምህርት ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ መጽሐፉንም አላየሁት፣ ማየቱም አላስፈለገኝ። አንድ የመርከብ ካፒቴን አለ፤ አሸዋ የዋጠው ከተማ ውስጥ የተቀበረ ዕንቁ ይፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን እያነበበ የሚተርከው አልነበረም። ሁሉም የየራሱ ድምፅ አለው። ካፒቴኑ ጎርናና ነው፣ ግመል ነጂው ይንተባተባል፣ ነፋሱ ያፏጫል፣ ግመሉ ያጉረመርማል። ዓይንህን ከጨፈንክ አሸዋው ጥርስህ ውስጥ ይገባል። ከእንጦጦ በኩል ደመና ሲወርድ ሬዲዮኑ መንኮሻኮሽ ይጀምራል፤ እኛ ግን የበረሃው ማዕበል መስሎን ጭጭ ብለን እናዳምጥ ነበር። ዛሬ ሁሉም የየራሱን ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ወትፎ ይሄዳል። ምን እንደሚሰማ አላውቅም፤ ሲስቅ ግን ብቻውን ነው የሚስቀው። እኛ ስንስቅ ጣውላው ይነቃነቅ ነበር።

ከሁሉ የሚፈራው ባለጓንቱ ነው። እጁ ላይ ሁልጊዜ የቆዳ ጓንት አለ፤ ያንን ክፉ ሰው አገሩ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራዋል። ጮኾ አያውቅም። ለስለስ ብሎ፣ እንደ ጥሩ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ የሚናገር ይመስላል። ሰው ሊገድል ሲል «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ» ይላል። ያቺን ቃል ሲላት ልጅ ያዘለችዋ ልጇን ወደ ደረቷ ታዞረዋለች።

ይኸው ባለጓንቱ የእኔ ተከራይ ነበር።

አገሩ አርባ ምንጭ በኩል ነው። ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል፤ ከዚያ ወደ ቀረጻ ይሄዳል። ግቢያችን ውስጥ እንደ እሱ ዝምተኛ ሰው አልነበረም። የልብስ ማስጫውን ገመድ ሲነካ እንኳ ገመዱን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። ባለታሪኮቹ ሁሉ አንድ ማይክሮፎን ከበው እንደሚቆሙ የነገረኝ እሱ ነው።

«የሞተው ሰውስ?» አልኩት።

«የሞተው ጫማውን አውልቆ፣ በእግሩ ጣት ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ጋሼ። ኮሽ ካለ ከሞት ተነሣ ማለት ነው።»

«አንተ ሰው ስትወጋ የሚሰማውስ ነገር?»

«ጥቅል ጎመን ነው።»

«ከዚያ ጎመኑን ማን ይወስደዋል?»

«ግመል ነጂው። ልጆች አሉት።»

አንድ ጊዜ የሚጮህ በር አጥተው ተቸገሩ። አናጺ ዕድሜውን ሙሉ በር እንዳይጮህ ይለፋል፤ እኔ ከክንድ የማትበልጥ በር ሠርቼ፣ እንድትጮህ ስል ማጠፊያዋን በጨው ውኃ ሳዝግ ሰነበትኩ። ያን ቅዳሜ ካፒቴኑ የተቀበረውን ቤተ መንግሥት ሲከፍት «ዝም በሉ! የእኔ በር ናት!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ተቆጣኝ፤ ካፒቴኑ ያለውን አልሰሙማ።

አንድ ቀን ታዲያ ይኸው ልጅ ከሥራ ሲመለስ መጥቶ የሥራ ቤቴ በር ላይ ተገተረ።

«ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነዎት?»

«ይኸው ታየኛለህ።»

«እንግዲያው ሌላ ጊዜ...»

«ግባ እንጂ! ምን ሆነህ ነው?»

«ሽማግሌ እንዲሆኑልኝ ነበር።»

ልጅቷ እዚያው መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። እናቷ ሞታለች። አባቷ ቀበና ነው ቤታቸው፤ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። እጃቸውን ይዛ የምታወጣቸው፣ አጠገባቸው ሆና የምታጫውታቸው እሷ ናት። ልጅቷ «አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም» ብላዋለች። እሱም ወላጆቹ አልፈዋል፣ እዚህ ከተማ ዘመድ የለውም። ይህ ካልሆነ ሌላ እንደማይሆንለት ከፊቱ ላይ አየሁት።

እሑድ ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ፣ ከፊት ለፊቴ ሱቅ ያለው ስልጤው ባለሱቅ፣ እና የእድራችን ሰብሳቢ። ሰብሳቢያችን ለግርማ ሞገስ ነው እንጂ ለንግግር አይሆንም፤ ብዙ አይናገርም። ባለሱቁ ግን ለሦስታችንም ይበቃል።

ሰውየው ሬዲዮናቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ሳለን ጆሯቸውን ወደ እኛ አዘነበሉና «ሦስት ናችሁ። አንዱ ቀኝ እግሩን ያመዋል» አሉ። የታመመው እኔ ነኝ። ተቀመጡ አሉን። እኛም እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። ልጅዎን ለልጃችን አልን።

«ልጁ ምን ይሠራል?»

«የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ መዝገብ ቤት» አልኩ።

«ጠባዩስ?»

«ከሰው አይደርስም። ለስላሳ ነው።»

ፊታቸው ፈታ አለ። እዚህ ላይ ብንተወው ነገሩ አልቆ ነበር። ባለሱቁ ግን አላስቻለውም።

«ያውም ዝነኛ ነው ጋሼ! ቅዳሜ ቅዳሜ አገር ምድሩ በሬዲዮን የሚሰማው እሱን ነው!»

ሰውየው ቀና አሉ። «የድራማው? ያ ካፒቴኑ ነው?»

«አይ... ካፒቴኑ እንኳ አይደለም።»

«ግመል ነጂው ነው በለኛ!»

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

ባለሱቁ እኔን አየኝ፣ እኔ ጣራውን አየሁ።

«ባለጓንቱ ነው» አለ የእድራችን ሰብሳቢ። በዚያን ቀን የተናገረው እሱኑ ብቻ ነው።

ሰውየው እጃቸውን ከሬዲዮኑ ላይ አነሡ። «ትናንት ሽማግሌውን ገደል የከተተው?»

«ድራማ እኮ ነው ጋሼ» አልኩ።

«ድራማ መሆኑን መች አጣሁት፣ እብድ አይደለሁም። እናንተ ሰው ስታገኙ ፊቱን ታያላችሁ። ለእኔ የሰው ፊቱ ድምፁ ነው። ይሄ ልጅ ጠዋት ተነሥቶ ‹ደህና አደሩ አባባ› ባለኝ ቁጥር ያ ፊት ነው የሚመጣብኝ። እስክሞት ከዚያ ፊት ጋር ቁርስ ልብላ?»

ዳግመኛ ተቀመጡ አላሉንም። ቀጠሮም አልሰጡንም። ሽማግሌ ቀጠሮ ሳይዝ ከወጣ እምቢ ተብሏል ማለት ነው።

የቀበናን ድልድይ እስክንሻገር ቻልኩት። ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምላስህን ሱቅህ ውስጥ ቆልፈህ ብትመጣ ምን ነበረበት?»

«ዝና ዝና ነው ብዬ ነዋ! አሁን እኔ ልጄን ባለጓንቱ ቢጠይቀኝ እምቢ እላለሁ?»

«ልጅ የለህማ!»

ልጁ ሲሰማ ጣውላው ላይ ቁጭ አለ።

«ልተወው መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«ልጅቷን?»

«ኧረ ድራማውን!»

እውነት ለመናገር ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ልጁ እንዲያገባ እፈልጋለሁ፤ ባለጓንቱም ቅዳሜ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። «ድራማውን ብትተው ድምፅህን የት ትጥለዋለህ?» አልኩት። እሱም እንደዚያው አስቦት ኖሮ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ቀበና ቤታቸው ምን እንደተባለ ልጅቷ ናት በኋላ የነገረችኝ። ያን ምሽት እራት ላይ «አባዬ፣ እኔ የማገባው ሬዲዮኑን አይደለም» አለቻቸው። እሳቸውም «እኔ ደግሞ ከሬዲዮኑ በቀር የማውቀው የለም» አሏት። «እንግዲያው ሰውየውን ስማው» ብላ ተነሣች። ምሽቱን ሙሉ የምታጫውታቸው ልጅ ከዚያ ወዲያ ከሰላምታ በቀር ቃል አላወጣችም። ዓይነ ስውር ለሆነ አባት ከዚህ የበለጠ ጨለማ የለም። ሰው ላኩብን፦ ልጁን ራሱን ይዛችሁት ኑ።

ይህ በእኛ ወግ የለም። ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። የእድራችን ሰብሳቢ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን ኮቱን ለበሰ። ልጁ ከሰው የተዋሰው ክራቫት አንቆታል። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሊል ያሰበውን እያጠና ነው።

የቤቱ በር ዝቅተኛ ነው። እሱ ደግሞ ቁመታም ነው። ጎንበስ ብሎ ሲገባ ጉልበቱ ትንሿን ጠረጴዛ መታት፤ ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። ከጭንቀቱ ብዛት ያጠናው ሁሉ ጠፍቶበት፣ ከአፉ የወጣችው ያችው ቃል ሆነች፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝ!»

ባለሱቁ «ያ አላህ» አለ በሹክሹክታ። ልጅቷ ጓዳው በር ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች።

«መጣ» አሉ ሰውየው።

ማንም ብርጭቆውን አላነሣ። እሳቸው ወደ ድምፁ ዞሩ። «ለዚያ ሽማግሌ ገደሉ አፋፍ ላይ ያልከውን በለኝ።»

«አባባ...»

«እንደዚያው አድርገህ። እኔን ገደል ልትከተኝ እንደሆነ ቁጠረው።»

ልጁ ጉሮሮውን ጠራረገ። ያ ለስላሳ፣ ያ አጥንት የሚያቀዘቅዝ ድምፅ ሲመጣ ልሰማ ጆሮዬን አቆምኩ። «ይቅርታ...» አለና ድምፁ ተሰነጠቀ። እንደገና ጀመረ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንዳቆሙት ተማሪ ቀጠነ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ መንገዱ... መንገዱ እዚህ ላይ...»

«‹መንገዱ እዚህ ላይ ያበቃል› ነው የሚለው» አሉ ሰውየው። «ጠፋህ እንዴ? እኔ እንኳ ይዤዋለሁ።»

«አልጠፋኝም አባባ። እርስዎን እንደዚያ ማለት አቃተኝ።»

ሰውየው ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ ልክ የመኪና ኮፈን ከፍቶ ሞተር እንደሚያዳምጥ ሰው። «እስቲ አሁን ያልከውን ድገመው።»

«እርስዎን እንደዚያ ማለት አቃተኝ።»

«ይንቀጠቀጣል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ያኛው ሰው የሚፈራው ነገር የለም። ይሄ ይፈራል። ሌላ ሰው ነው» አሉ።

«እኔ ምን አልኩህ?» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅም ልቅሶም አለ።

«ሰው የሚፈራ ልጅ ፍሬን አለው። ፍሬን ያለውን መኪና እኔ አልጠላም። በሉ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ብርጭቆውን ግን አትርገጡ።»

ከፋሲካ በኋላ አገቡ፤ ቀበና ከእሳቸው ጋር ገቡ። እኔ ክፍሉን ለሌላ ሰው አከራየሁ፤ ዝም የሚል አልነበረም።

ድራማው ክረምት ሲገባ አለቀ። የመጨረሻውን ቅዳሜ ቀበና ጠሩኝ። ልጁ እንዴት እንደሚያልቅ ለማንም አልነገረም፤ ለሚስቱ እንኳ። ባለጓንቱ በረሃው መሐል ብቻውን ቀረ፤ ውኃው አልቋል፣ ግመሉ ጥሎት ሄዷል፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው እንኳ የለም። ድምፁ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ሰውየው አማቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው እጁን ይዘዋል። አየሁ፤ ጣታቸው የልጁን እጅ እስኪነጣ ጨብጦታል።

«ሲያንሰው ነው! የሠራውን ያውቃል!» ይላሉ ለሬዲዮኑ፤ እጁን ግን አይለቁትም።

«አለሁ እኮ፣ አባባ» አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

«ዝም በል፣ ልስማ» አሉት።