የማይበራ ታብሌት ርክክብ

ይርዳውን የማውቀው ከሚዛን ተፈሪ ርቃ ባለችው ቱም ከተማ ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን አራት ዓመት ሠርተናል። እሱ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነው፤ ሚስቱ ሰርካዲስ ደግሞ ሚዛን ተፈሪ መምህርት ናት። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብረው የኖሩበት ጊዜ ቢደመር ግን አንድ ክረምት አይሞላም። ልጃቸው ልዩ ስትወለድ እንኳ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ የደረሰው በአሥራ አንደኛው ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ሄዶ አይቷታል። አሁን ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል።

ይህ ሰው ሰባት ጊዜ ዝውውር ጠይቆ ተከልክሎ፣ በስምንተኛው ጥያቄ ነሐሴ ላይ ተፈቀደለት። ደብዳቤው ግን እስከ ሰኞ ሚዛን ሪፖርት ካላደረገ ቦታው ለተከታዩ ሰው እንደሚሰጥ ይናገራል። ክሊራንሱን ይዞ መሮጥ ጀመረ። ዘጠኝ ፊርማ ያስፈልገዋል። ተከፍቶ የማያውቀው የሠራተኞች ክበብ ፈረመለት፤ ነድቶት የማያውቀውን ሞተር ሳይክል የሚያስተዳድረው ክፍልም ፈረመለት። የቀረው የንብረት ክፍሏ የወይዘሮ አሰጋሽ ፊርማ ነበር፤ ምክንያቱም ታብሌቱ እሱ ዘንድ አለ።

የታብሌቱ ነገር እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለመስክ መረጃ ተብሎ ታብሌት ሲታደል ለይርዳው የደረሰው የማይበራ ነበር። «ፈርም፤ ሌላ ሲመጣ እንቀይርልሃለን» አሉት፤ ፈረመ። ሌላ አልመጣም። በመጨረሻ ገበያው ዳር ስልክ የሚጠግነው ናስረዲን ዘንድ ወስዶ ባትሪ አስቀየረውና ተነሣ። የይርዳው የራሱ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ከቢሮው ጀርባ ያለችው ኔትወርክ የሚያዝባት ጉብታ ላይ ይወጣና በታብሌቱ ለሚስቱና ለልጁ በቪዲዮ ይደውላል። ልዩ የመጀመሪያ ጥርሷን ያሳየችው፣ «አባባ» ያለችው እዚያ ላይ ነው። ሲዘንብ ጃንጥላ የምይዝለት እኔ ስለሆንኩ የልጅቷን ጥርስ ቁጥር እኔም አውቀዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ታብሌቱን ወልውሎ አቀረበ። ወይዘሮ አሰጋሽ ተጫኑት።

«ይበራል እኮ!» አሉ፣ እባብ እንደነካ ሰው እጃቸውን እየሰበሰቡ።

«አዎ፣ አሠርቼው ነው።»

«ማን አሠራ አለህ? መዝገቡ ‹ታብሌት አንድ፣ የማይበራ› ይላል። የማይበራ ሰጠሁህ፣ የማይበራ ትመልስልኛለህ። ነገ ኦዲተር መጥቶ የማይበራው የት ገባ ቢለኝ ምን ልመልስ ነው?»

«እሱ ራሱ ነው እኮ፤ ቁጥሩን ይዩት።»

«ቁጥሩ አንድ ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው።»

መዝገቡ እንዲስተካከል ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት፤ ሰብሳቢው ደግሞ ሥልጠና ላይ ናቸው፣ የሚመለሱትም መስከረም ላይ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! እኔ ጠረጴዛውን ልገለብጠው ምንም አልቀረኝም። ይርዳው ግን ታብሌቱን አጠፋና መልሶ ሰጣቸው። ተጫኑት፤ በራ። ከሰዓት በኋላ ባትሪውን ጨርሶ አመጣላቸው። እሳቸው ግን ሃያ ዓመት ንብረት የጠበቁ ሰው ናቸው፤ ቻርጀር ሰኩበትና ሹራባቸውን እየሠሩ ጠበቁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የልዩ ፎቶ በአራት ጥርስ እየሳቀ ብቅ አለ።

«ልጅህ ናት? ስታምር! እግዜር ያሳድግልህ» አሉና ክሊራንሱን ገፋ አደረጉለት። «ግን በርቷል።»

ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም። አንድ ጊዜ በጎደለ ወንበር ምክንያት ስድስት ወር ሙሉ ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

አርብ በማለዳ ናስረዲን ዘንድ ሄድን።

«አበላሽልኝ» አለው ይርዳው።

«ምኑን?»

«ታብሌቱን።»

«ወላሂ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ስጠግን አበላሽልኝ ያለኝ ሰው የለም! ነገ ናስረዲን የሠራው ተበላሸ ሲባል ማን ይመልስልኛል?»

ለምነን ለምነን ተስማማ። ግን መጀመሪያ ከደብተሩ ወረቀት ገንጥሎ «ይህ ታብሌት በእኔ እጅ እያለ ሙሉ ጤነኛ ነበር» ብሎ ጻፈ፤ ይርዳውን አስፈረመው፤ እኔን ምስክር አደረገኝ። ከዚያ ጀርባውን ከፈተና «ፎቶዎቹስ?» አለ።

«ዋናዋ ዘንድ ልሄድ አይደል? ንቀለው» አለ ይርዳው፤ ፊቱን ግን ወደ መንገዱ አዞረ። ናስረዲን አንዲት ቀጭን ገመድ ነቀለ።

ወይዘሮ አሰጋሽ ተጫኑት፣ ነቀነቁት፣ ቻርጀር ሰክተውበት ምሳቸውን በልተው ተመለሱ። አልበራም። ፊታቸው ፈካ። «ንብረት የሚያዘው እንዲህ ነው! ልክ እንደሰጠሁህ መለስክልኝ» ብለው ፈረሙ፤ ማኅተሙንም ሁለት ጊዜ መቱ።

ቅዳሜ ፍራሹን ላግዘው አብሬው ሚዛን ሄድኩ። ሰርካዲስ በር ላይ አቅፋው አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ፤ እኔም ፍራሹን እንደተሸከምኩ አለቀስኩ። ከዚያ ይርዳው በርከክ ብሎ እጁን ዘረጋ። «ልዩዬ፣ አባባ መጣ!»

ልዩ አንዴ አየችውና ጩኸቷን ለቀቀችው። እናቷ ቀሚስ ሥር ተወሸቀች። «አባባ እኮ ነው!» ብትላት ባሰባት። እየተንሰቀሰቀች ሄዳ የእናቷን ስልክ ከአልጋው ላይ አነሣች። «አባባ» እያለች ስክሪኑ የጠፋውን ስልክ ትስመው ጀመር። ይርዳው ሦስት ዓመት በለመነው ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ ቆመ። ላጽናናው አፌን ስከፍት ተነሥቶ ወጣ።

ተናዶ የሄደ መስሎን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን በጓሮ በኩል በመስኮቱ ብቅ አለ። ዝናቡ ይወርድበታል። የሚታየው ከትከሻው በላይ ብቻ ነው፤ ጉብታው ላይ ሲደውል እንደሚያደርገው አገጩን ቀና አድርጎ «ልዩ! ጥርስሽ የታለ? እስቲ ለአባባ አሳዪ!» አለ።

ልጅቷ ልቅሶዋን አቆመች። ጥርሷን አሳየችው።

ያን ቀንም በማግስቱም ይርዳው ልጁን ያጫወታት ውጭ ቆሞ ነው። ሰርካዲስ ምሳውን በመስኮት ስታቀብለው ያዩት ጎረቤቷ ወይዘሮ ካሰች አጥሩ ጋ መጥተው «ሰርካዲስ፣ ምንም ቢያጠፋ ባልሽ ነው፤ በእመቤቴ ይቅር በይው፣ ዝናብ መታው!» እያሉ ለመኑ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰርካዲስ ልጅቷን አቅፋ ወደ መስኮቱ አስጠጋቻት። ልዩ እንደ ልማዷ ስክሪኑን ልትነካ ጣቷን ሰነዘረች፤ ጣቷ የአባቷ አፍንጫ ላይ አረፈ። እርጥብ ነው፣ ደግሞም ይሞቃል። እጇን ሰብስባ ጣቷን አየችው፣ እናቷን አየቻት፣ እንደገና ዘረጋች። አሁን ጆሮውን ጨበጠችና በሙሉ ጉልበቷ ወደ ቤት ጎተተችው።