ሚስማሩ ላይ ያልተመለሰችው ናስ

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የሽማግሌውን ጀርባ ነው። ላጥባቸው ሸሚዛቸውን አውልቄ ዘወር ሳደርጋቸው፣ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው እዚህም እዚያም ሰማያዊ ጭረት አለ፤ ከቆዳቸው ሥር፣ ልክ እንደ እናቴ የአንገት ንቅሳት። ንቅሳት ነው እንዳልል ቅርጽ የለውም። በሽታ ነው እንዳልል አያሳክካቸውም። እስር ቤት ነው፣ አልኩ በሆዴ። ስፖንጁን ይዤ ቆሜ ስቀር ገባቸውና ሳቁ። «የድንጋይ ከሰል ነው» አሉኝ። «ድንጋይ ሲቆርጥሽ አቧራው ቁስሉ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ይድናል፣ ከሰሉ አይወጣም።» እሺ አልኩ። አላመንኩም።

ቤቱ ሎስ አንጀለስ፣ ባልድዊን ሂልስ ዳገቱ ላይ ነው፤ የሴት ልጃቸው ቤት። ሚስታቸው ስትሞት ልጅየዋ ከሰል ከሚቆፈርበት ከተራራ አገራቸው አምጥታ እዚህ አስቀመጠቻቸው። እሷ ሥራ ስትውል እኔ ከኤጀንሲ ተልኬ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ አብሬያቸው እውላለሁ፤ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ የኦክስጅን ቱቦውን አስተካክላለሁ። ሰማንያዎቹን አጋምሰዋል፤ ሳንባቸው አልቋል፣ አፋቸው ግን ደህና ነው። እኔ ደግሞ ያንን ሥራ በጥርሴ ነበር የያዝኩት። በአራት ዓመቷ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ትቻት የመጣሁ ልጅ አለችኝ፤ አሥራ አምስት ሞልቷት ነበር። እሷን ወደዚህ የማምጣቱን ጉዳይ የያዘልኝ ሎየር «ኢንተርቪዋ እስኪያልፍ ሥራ እንዳትለቂ፣ እንዳትባረሪ፤ ኤጀንሲው ደብዳቤ መጻፍ አለበት» ብሎኛል። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ ኮቴዬ እንኳን እንዳይሰማ ነበር የምራመደው።

ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ጣውላ አለ። ጣውላው ላይ ሦስት ሚስማር፣ ሚስማሮቹ ላይ ሦስት ክብ የናስ ቁራጮች፣ ቁጥር የተቀረጸባቸው። አንዷ የሳቸው፣ አንዷ የልጃቸው፣ አንዷ የኔ ሆነች። «ስትገቢ ከሚስማሩ አንሺና ኪስሽ ክተቻት፤ ስትወጪ መልሰሽ ስቀያት» አሉኝ። ለምን አላልኩም፤ በሰው ቤት ለምን አይባልም። ልጃቸውን ብጠይቃት «የድሮ ልማዱ ነው፣ ደስ ይበለው» ብላ አለፈችኝ። የድሮ ልማድ! ቁጥሬ አርባ አንድ ነበር። ኧረ እኔ እስረኛ ነኝ እንዴ? ሰዓት እየቆጠሩብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንዳንድ ቀን የፒኮ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ አምስት ደቂቃ ቀደም ብዬ እወጣ ነበርና፣ ምን ያለበት ዝላይ አይችልም እንደሚባለው፣ ያቺ ናስ ኪሴ ውስጥ ከበደችኝ።

በዚያ ላይ ማስታወሻ ደብተር አላቸው። ይጠይቁኛል፣ ይጽፋሉ። ከዚህ ወጥተሽ የት ትሄጃለሽ? አርብ አርብ ፌርፋክስ፣ የኢትዮጵያውያን ሰፈር፣ እንዲህ ያለ ምግብ ቤት፣ እበላለሁ። ይጻፋል። ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው? ይጻፋል። ማመልከቻውን ያስገባሽው መቼ ነው? የኬዝ ቁጥርሽ ስንት ነው? ወይ ጉድ! የኬዝ ቁጥሬ ምን ያደርግላቸዋል? አንድ ቀን ደግሞ «እናንተ አስታማሚዎች የሠራተኛ ማኅበር አላችሁ?» ሲሉኝ እንግሊዝኛው ድንገት ጠፋኝ። «ኖ ኢንግሊሽ» ብዬ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ከኋላዬ ሲስቁ ሰማኋቸው።

በኔ አትፍረዱ። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሠራተኛው ተሰባስቦ ማኅበር እናቁም ተባባለ፣ ስም ተጻፈ፣ አባቴም ፈረመ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ዝርዝሩን አሳልፎ ሰጠ። አባቴ ሰኞ ጠዋት ለሥራ እንደወጣ ቀረ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሬሳ ስለሌለ ለቅሶ የለም፤ የሥራ ጓደኞቹ ግን እናቴን ለማጽናናት ማታ ማታ ይመጡ ነበር። እኔ ጥግ ተቀምጬ እጃቸውን አያለሁ። የትኛው እጅ ነው ወረቀቱን የሰጠው? ይህኛው ወፍራሙ? ያኛው ሲጋራ የያዘው? እጃቸውን እያየሁ ነው ያደግኩት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ ስም ሲጻፍ ሳይ እበረያለሁ።

ሕይወታቸውን ኦትሚል ሳበላቸው በማንኪያ በማንኪያ ነው የነገሩኝ፤ እኔም በማንኪያ በማንኪያ ጠረጠርኩት። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከአባታቸው ጋር የከሰል ጉድጓድ ገቡ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጉልበታቸው እየዳሁ ይቆፍራሉ። እንደሳቸው ላሉ ጥቁሮች የሚደርሳቸው ጣሪያው ውሃ የሚያንጠባጥበው ወገን ነው። አንድ ቀን ጣሪያ ተናደና ሦስት ሰው ጎደለ። አለቃው ግን «የቀጣዩ ፈረቃ ይግባ፣ ሥራ ይቀጥል» አለ። እሳቸው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አሉ። ከጎናቸው ሌሎች ቁጭ አሉ። ሦስቱ እስኪወጡ ሁለት ቀን ማንም ለሥራ አልገባም፤ ሁለቱ በሕይወት ወጡ፣ አንዱ በቃሬዛ።

«ከዚያ በኋላ የሠራተኛ ማኅበሩ መሪ አደረጉኝ» አሉ። «ደፋር ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ። ፈርቼ ጉልበቴ ስለተብረከረከ ነው የተቀመጥኩት።»

ሦስቱ መጉደላቸውን በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል እንዴት አወቃችሁ ብዬ አልጠየቅኩም። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

ማዕድኑ ሲዘጋ ማኅበሩ መርጦ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አወዳደራቸው፤ አሸነፉ፤ እየደጋገሙ አሸነፉ። ከሰል ቆፋሪ፣ ከዚያ የማኅበር መሪ፣ ከዚያ ፖለቲከኛ። የመጨረሻዋን ስሰማ በቃ አልኩ። እኔ ባደግኩበት አገር ፖለቲከኛ ስለ ልጅህ ዕድሜ ሲጠይቅህ ሻንጣህን ታዘጋጃለህ።

አንድ አርብ ገበታ አንስቼ ስመለስ ስልክ ላይ ናቸው። ስሜን ፊደል በፊደል እየጠሩ ለሰው ያስጽፋሉ። ሲያዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጠረጴዛው ላይ ፖስታ አለ፤ ደብተሩን በላዩ ላይ ጣሉበት፣ ግን ስሜን አይቼዋለሁ። ሰዓቴ ሲደርስ ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ፤ ናሷን አልሰቀልኳትም። ማስረጃ ናት፣ ይዣት ሄድኩ።

ፌርፋክስ ላይ አንድ እትዬ አሉኝ፤ እዚህ አገር ስመጣ የተቀበሉኝ፣ ቅመማ ቅመም ሱቅ ካሸር የሚሠሩ። ሽሮ አዘን ሁሉንም ነገርኳቸው። ናሷን ተቀብለው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አገላበጧት።

«ይሄማ የውሻ ነው» አሉ። «የጎረቤቴ ውሻ አንገቱ ላይ አለው።»

«እትዬ፣ አትቀልዱ።»

«ምን እቀልዳለሁ! አንቺ ልጅ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሰውየው ፖለቲከኛ ነው። ስምሽን ጽፎ ለኤጀንሲው ሊያሳጣሽ ነው። ቀድመሽ ኮል አድርጊ። የተከሰሰ ሲናገር ማን ይሰማዋል? የከሰሰ ነው የሚሰማው።»

እጄን ታጥቤ እግረኛ መንገዱ ላይ ወጣሁ። ለኤጀንሲው ሱፐርቫይዘር ደወልኩ። ሽማግሌው አእምሯቸው ልክ አይደለም አልኩ። ቁጥር ያስይዙኛል፣ የግል ነገሬን ይጽፋሉ፣ ፈራኋቸው አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ሱፐርቫይዘሯ አመሰገነችኝ። ልቤ ቀለለኝ፤ አዎ፣ ቀለለኝ፣ አልዋሽም።

ተመልሼ ሽሮውን ገና ሳልጨርስ ውጭ ታክሲ ቆመ። ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ የቤት ሱሪ የለበሰ፣ የኦክስጅን ጠርሙሱን በጋሪ የሚጎትት ሰው ወረደ። እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ አጠገባችን ያለው ቤት ገቡ፣ ወጡ፣ ደብተራቸውን አዩ፣ ወደኛ መጡ። በሩ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ አንዱ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» እያለ በአማርኛ ወንበር ሰጣቸው። እሳቸው ፊት በፊት እያዩ ሲፈልጉ ፈለጉና እኔ ጋ ደረሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ወጥተሻል» አሉኝ።

ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። መናገር እስኪችሉ ጠበቅን። «ሚስማሩ ባዶ ነው» አሉ። «ከፈረቃ በኋላ ሚስማሩ ባዶ ከሆነ ሰው ከታች ቀርቷል ማለት ነው። ስልክሽ ተይዟል ይላል። ሰው ከታች እያለ ቤቱ የሚገባ የለም።» ሦስቱ መጉደላቸውን ያወቁት እንደዚያ ነበር። እስከ ሰማንያዎቹ ድረስ፣ በዚያች የሎስ አንጀለስ ቤት ውስጥ፣ በየቀኑ ሰው ገብቶ እስኪወጣ ሲጠብቁ ኖረዋል። አርባ አንዷን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዞር አሉ። ስልኬ የተያዘው እሳቸውን ስከስ ነበር።

ማታውኑ ለሱፐርቫይዘሯ መልሼ ደወልኩ፤ ተሳስቻለሁ፣ ሰውየው ጤነኛ ናቸው አልኳት። «አንዴ ሪፖርት ሆኗል» አለችኝ። ሰኞ ከኤጀንሲው ሁለት ሴቶች መጡ። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው፣ ፕሬዚዳንቱ ማን ነው እያሉ ጠየቋቸው። ሁሉንም መለሱና እናንተስ ማኅበር አላችሁ ብለው ጠየቋቸው። በሳቸው ላይ ምንም አላገኙም። እኔን ግን ፈራሁ ስላልኩ ወደ ሌላ ቤት አዛወሩኝ፤ ሥራዬም ደብዳቤዬም አልተነካም።

የመጨረሻ ቀኔ ላይ ፖስታውን ሰጡኝ። ለአንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ የጻፉት ደብዳቤ ቅጂ ነበር፤ የዚህች ሴት ልጅ ኬዝ ዓመታት ተኝቷል፣ ተከታተሉላት የሚል፣ ስሜ፣ የልጄ ዕድሜ፣ የኬዝ ቁጥሩ፣ ሁሉም ሳይሳሳት። «ተስፋ ሰጥቼሽ እንዳላሳዝንሽ ነው የደበቅኩት» አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ቀደሙኝ።

«በኛ ጉድጓድ ውስጥ ለኩባንያው የሚያወራ አንድ ሰው ነበር» አሉ። «እቅዳችንን ሁሉ ይነግራቸዋል። ማን እንደሆነ ሳውቅ አብሮኝ ምሳ የሚበላው ጓደኛዬ ነው። ልጁ ታማ ነበር። ሃያ ዓመት ጠላሁት። እኔም ልጅ ወልጄ ስትታመምብኝ ግን መጥላት አቃተኝ።» ከዚያ ኦትሚሉ ስኳር ያንሰዋል አሉኝ።

ያወቁ ይሁኑ፣ ወይስ እንዲሁ ያወሩት፣ አላውቅም። ስኳር ጨመርኩላቸው፤ አልነገርኳቸውም። ስወጣ ናሷን ሚስማሯ ላይ ሰቀልኳት፣ እሳቸውም ከወንበራቸው ሆነው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በዓመቱ ልጄ መጣች። እሷን ይዣት እሳቸው ጋ ልሄድ ስል ልጃቸው ማረፋቸውን ነገረችኝ።

ዘንድሮ ልጄ ስለ አያቷ ትጠይቀኛለች፤ ማን አሳልፎ ሰጠው ትለኛለች። አላውቅም እላታለሁ። ያ ሰው አንድ ቀን መንገድ ዳር ቆሞ፣ ለልጄ ስል ነው ብሎ ይሆናል። ይቅር አላልኩትም። በልጅነቴ ጥግ ተቀምጬ የፈለግኩት እጁ ምን እንደሚመስል ግን አሁን አውቃለሁ። የኔን ነው የሚመስለው።