የሐዲድ ችንካር ቢላዎች

ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከቦንጋ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል፤ ጭነት ከተገኘ እስከ ድሬዳዋ ይወርዳል። እኔ እዚሁ ቦንጋ፣ ከገበያው ቁልቁል ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብረት እቀጠቅጣለሁ። ቢላ፣ ማጭድ፣ ገጀራ፣ መቆፈሪያ እሠራለሁ፤ የበሩ ማጠፊያ የተሰበረበትም ይመጣል። ሥራውን ከአባታችን ነው የወረስኩት። ወንድሜ ግን እሳት አጠገብ መቀመጥ አይወድም ነበር። ገና ጢም ሳያበቅል ረዳት ሆኖ መኪና ላይ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ከጉዞ ሲመለስ ብረት ያመጣልኛል። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የተሰበረ ባሌስትራ፣ የመኪና ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ነው። ለቢላ ከመኪና ባሌስትራ የተሻለ ብረት አላውቅም። የዚያን ሰሞን ግን ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ሚዛን ከተማ ሲያልፍ፣ ቦንጋ እንኳ ሳይቆም፣ ደወለልኝ።

«ድሬዳዋ ውዳቂ ብረት ተራ የባቡር ሐዲድ ችንካር አገኘሁልህ። አንድ ጆንያ» አለኝ።

«ምን ዓይነት ነገር ነው?»

«ሐዲዱን ከእንጨቱ ጋር የሚይዘው ወፍራም ምስማር ነዋ። ባቡር አይተህ አታውቅም፤ ምስማሩን እንኳ እይ» ብሎ ሳቀ። «ስመለስ አወርድልሃለሁ።»

ሲሚንቶውን አራግፎ ሲመለስ፣ ከሺሺንዳ ወዲህ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪናው ተንሸራቶ ገደል ገባ። መስከረም ነበር፤ ክረምቱ ገና አልወጣም።

ወሬውን ያመጣልኝ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው። እኔ ከወናፉ አጠገብ ነበርኩ፤ እሳቱ ውስጥ ደግሞ የቀላ መቆፈሪያ አለ። ነጂው በሩ ላይ ቆሞ ነገረኝ። ሰማሁት። ከዚያ መቆፈሪያውን በጉጠት አወጣሁና ቀጥቅጬ ጨረስኩት፤ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ጥጉ ላይ አቆምኩት። ልጁ እስክጨርስ ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ዛሬም አላውቅም። ብረት ከቀላ ይመታል፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም። እናቴ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ትወድቃለች፣ ትነሳለች። የወንድሜ ሚስት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። እኔ የሰዎቹን ጫማ ጭቃ ሳይ ዋልኩ። አንዱ «ጎበዝ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ። ጉብዝና አልነበረም። ክረምት ላይ ጠዋት እጅህ በድኖ መዶሻ ይዘህ መያዝህን የማታውቅበት ጊዜ አለ፤ እንደዚያ ነበርኩ፤ እጄ ብቻ ሳይሆን ሁለመናዬ።

አርባው ሲቃረብ የወንድሜ ሚስት ወደ ሱቄ መጣች። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ እታለም ነው የምላት። አንድ የቀን ሠራተኛ ጆንያ ተሸክሞ ተከትሏት ገባና አራግፎ ሄደ።

«ጓደኞቹ ሾፌሮች ከጋቢናው ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። ያንተ ነው አሉኝ» አለች።

ጆንያውን ፈታሁት። አንድ ጎኑ የተጣመመ ጭንቅላት ያላቸው፣ የዛጉ ችንካሮች ናቸው። አንዱን አንስቼ በመዳፌ መዘንኩት። ምንም አልተሰማኝም።

«ለተዝካሩ ቢላ ያስፈልገኛል» አለች እታለም። «ሥጋ መቁረጫ። ከዚህ ሥራልኝ።»

አንዱን ችንካር በሞረድ ፈግፍጌ አየሁት። «እታለም፣ ይሄ ልስልስ ብረት ነው፤ ስለት አያቆይም። ባሌስትራ አለኝ፤ ከእሱ ልሥራልሽ።»

«ከዚህ ነው የምፈልገው።»

«ቶሎ ይደንዛል።»

«አንድ ቀን ይቁረጥልኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ቸገረኝ?»

በማግስቱ ከሰሉን አቀጣጥዬ ጀመርኩ። ባሌስትራ ሲቀጠቀጥ መዶሻውን ይመልሳል፤ ክንድህን ይታገልሃል። ችንካሩ ግን እንደ ሊጥ ተዘረጋ። ጭንቅላቱን እንዳለ ተውኩት፤ መሃሉን ለእጅ እንዳያንሸራትት ጠመዘዝኩት፤ ጫፉን አሳስቼ ስለት አወጣሁለት። አንዳንዱ ችንካር ጎኑ ላይ የተቀረጸ ፊደል ነበረበት። በመዶሻ ስመታው ጠፋ።

እናቴ ምሳ ይዛልኝ መጣችና ጣውላው ላይ ተቀመጠች። የተሠሩትን አየቻቸው እንጂ አልነካቻቸውም።

«ልጄ በእጁ ያመጣው ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«አይከብድህም?»

«አይከብደኝም።»

እውነቴን ነበር። እንዲከብደኝ ጠብቄ ነበር፤ እያንዳንዱን ችንካር ከጆንያው ሳወጣ ትንሽ ቆም እል ነበር። የሚመጣ ነገር ስለሌለ እሳቱ ውስጥ እከተዋለሁ።

የተዝካሩ ቀን ጥቅምት ውስጥ ዋለ። ፀሐይ ወጥቶ ነበር። በእታለም ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ የዕድራችን ሰዎች ሰንጋውን ጥለው ገፈፉ። ቢላዎቹን አከፋፈልኩ። መጀመሪያ ጥሩ ቆረጡ። ካህናቱ በልተው ሳይነሱ ግን ከሥጋ ቆራጮቹ አንዱ፣ የዕድሩ ሽማግሌ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ደነዘ እኮ።»

«አምጡት ጋሼ፣ ልሳልልዎት።»

ስዬ ሰጠኋቸው። ወዲያው ሌላው መጣ። ከዚያ ሌላው። አንዱ ጎረቤት የማን ሥራ እንደሆነ ሳያውቅ «ይሄን የሠራ ቀጥቃጭ ገና ተማሪ መሆን አለበት» አለ፤ ሽማግሌው በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ገሠጹት። አልተቀየምኩም። መሳያ ድንጋዬን ይዤ ከኩሽናው ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ቢላ ይመጣል፣ እስላለሁ፣ ይሄዳል። እዚያ መቀመጡ ተመቸኝ። የመጣው ሁሉ ፊቴን አይቶ የሚያጽናና ቃል መፈለጉን ትቶ ቢላ ብቻ ያቀብለኝ ጀመር። የወንድሜን ተዝካር እንዲሁ ስስል ዋልኩ። ድንኳኑ ውስጥ ምን እንደተባለ፣ ማን እንደተናገረ አልሰማሁም።

ሰው ሲመናመን እታለም መጥታ አጠገቤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቢላዎቹን በሣፋ ይዛ ታጥባለች።

«ሰው ሲያማህ ሰማሁ» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«አላለቀሰም አሉ።»

መሳያ ድንጋዩን አረጠብኩ። አንዱን ቢላ በጨርቅ አደረቀች።

«እኔም እኮ ካለቀስኩ ቆየሁ» አለች። «ሰው ሲመጣ እጮሃለሁ። የሚጠብቁት እሱን ነው። ከውስጤ ግን አይወጣም። ቤቱ ባዶ ሲሆን ተቀምጬ ግድግዳ አያለሁ።»

«እኔ ደግሞ ብረት አያለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም። «እንግዲያው አንድ ነን» አለችና ሣፋውን ይዛ ተነሳች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሰው ከነገረኝ ሁሉ ሰውነቴ ውስጥ የገባው ይህ ብቻ ነው። ቀለል አለኝ ማለት አልችልም። ግን የሆነውን ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው እንዳለ አወቅሁ።

የግማሽ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ እታለም ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ወዳሉበት ወደ ቢታ ገነት ሄደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ዕቃውን ሚኒባሱ ላይ አሰርኩ፤ ልጆቹን ሳምኩ። ትልቋ የአባቷ ዓይን አላት። ሚኒባሱ ሲወጣ እጄን አነሳሁ፤ ከዓይኔ እስኪሰወር ቆሜ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የመጥረቢያ እጀታ የሚያስገጥም ሰው በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

አሁን እታለም እዚያ ከገበያው ዳር ምሳ ቤት ከፍታለች፤ ደህና ትሠራለች ይባላል። እኔም እየሠራሁ ነው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀምራለች። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ደህና እላለሁ፤ እንቅልፌም ምግቤም ደህና ነው።

እሁድ እሁድ ትልቋ ልጅ በእናቷ ስልክ ትደውልልኛለች። ስለ ሒሳብ መምህሯ፣ ስለ እህቷ ጥርስ መነቀል፣ አያቷ ከጫካ ስላመጡት ማር ታወራልኛለች። እኔ ብዙ የምለው የለኝም። «እሺ» እላለሁ፣ «ከዚያስ?» እላለሁ። ባለፈው እሁድ መሃል ላይ አቋርጣ «አጎቴ፣ እየሰማኸኝ ነው?» አለችኝ።

«እየሰማሁሽ ነው» አልኳት፤ ቀጠለች።