የአበባ ጉንጉን ይዤ በውይይት ታክሲ

በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር፣ ንፋስ ስልክ፣ የተሞሸረች ሴት ሁሉ ፎቶ የተነሳችው አንድ ዓይነት አበባ ይዛ ነው። አንድ ዓይነት ስል የሚመሳሰል ማለቴ አይደለም፤ ያንኑ አበባ ማለቴ ነው። የፎቶ ቤቱ የፕላስቲክ እቅፍ ነበር። ታላቅ እህቴ ይዛዋለች፣ ጎረቤታችን ይዛዋለች፣ የጎረቤታችን ልጅም ይዛዋለች። አንዷ ሙሽራ ሻማ አስጠግታበት ኖሮ በግራ በኩል ያለችው ጽጌረዳ ቀልጣ ነበር። የሰፈራችንን አልበም ሁሉ ብትገልጡ ያቺን የቀለጠች ጽጌረዳ ታገኟታላችሁ። እህቴ ከሙሽራው ቀጥላ የምታስታውሰው እሷን ነው።

እኔ ታዲያ ያንን እቅፍ አልይዝም ብዬ ማልኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ በአንድ ፋብሪካ ታይፒስት ነኝ፣ የራሴ ደመወዝ አለኝ፣ ግትርነቱም ከአባቴ ወገን የመጣ ነው። የምፈልገው ውሃ የጠጣ፣ የሚሸት፣ በማግስቱ የሚጠወልግ እውነተኛ አበባ ነበር። ሌላው ነገር ሁሉ፣ ቬሎውም ኬኩም፣ እንደሆነው ይሁን ብያለሁ። ለአበባው ግን አልለቅም።

እናቴ ይህን ስትሰማ የሚጠወልግ ነገር በገንዘብ የሚገዛ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እውነቷን ነው፣ እሷ ገዝታ አታውቅም። በረንዳችን ላይ የዱቄት ወተት ጣሳና የዘይት ቆርቆሮ ተደርድሮ ነበር፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ነገር በቅሏል። ቅጠሎቹን ቅዳሜ ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ የልጅ ፊት እንደሚጠረግ ትጠርጋቸዋለች። ሥጋ የታጠበበትን ውሃ አትደፋም፤ ለእነሱ ነው። ፀሐይ እንዳይበላለጡ ጣሳዎቹን በየጊዜው ታዟዙራለች። አላብብ ያለውን ደግሞ ፊቱ ቆማ «ዘንድሮም ዝም ካልከኝ ለጎረቤት ነው የምሰጥህ» ብላ ታስፈራራዋለች። አንዳንዱ ፈርቶ ያብብ ነበር።

«ከጣሳው ቆርጬ አስርልሻለሁ» አለችኝ።

«በዘይት ቆርቆሮ ያደገ አበባ ይዤ አላገባም!» አልኳት።

ሁለት ቀን ተኳረፍን።

ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ስለተቆረጠ ወር ሲቀረው ፒያሳ ወርጄ አንድ አበባ ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱ መቀስ በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጣታቸው በቅጠል የጠቆረ ሴት ናቸው። ሃያ አምስት ነጭ ካርኔሽን አዘዝኩ፤ እሳቸውም በደብተራቸው ጻፉት። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጾሙን፣ ፋሲካውን፣ የዝናቡን መምጫ ሳይቀር ያሰላሁት እኔ፣ ሜይ ዴይ ከነሰልፉ በዚያው ሳምንት እንደሚውል አላሰብኩም።

የሠርጉ ዋዜማ ቅዳሜ፣ «ፀጉር ቤት ነኝ» ብዬ ከቤት ወጣሁ። ውሸት አልነበረም፣ መጀመሪያ ፀጉር ቤት ገብቻለሁ። ፀጉሬ በቢጎዲን ተጠቅልሎ እስከ ማታ እንዲቆይ ተነገረኝና አቧራ እንዳይገባው ፀጉር ሠሪዋ የራሷን ሻሽ አሰረችልኝ። ጥቁር ሻሽ ነበር። «ለምን ጥቁር?» ማለቴን አላስታውስም፤ ብላትም ኖሮ ሌላ አልነበራትም።

ፒያሳ ስደርስ የአበባ ቤቱ ባልዲዎች ሁሉ ባዶ ናቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉ ባለቤቲቱ። «መሥሪያ ቤቱ ሁሉ መጥቶ ጠርጎ ወሰደው። ለሰልፍ ነው ሲሉኝ፣ የለም ለሠርግ ነው ልበላቸው?»

አለቀስኩ። ሙሽራ ነኝና አላፈርኩም። ቢጎዲኖቹ ከሻሹ ሥር እየተንቀጫቀጩ አለቀስኩ። ሴትዮዋ አላስቻላቸውም፤ ወደ ጓዳ ገብተው የመኪና ጎማ የሚያክል የአበባ ጉንጉን ተሸክመው መጡ። አንድ መሥሪያ ቤት ሐውልት ሥር ሊያስቀምጥ ሁለት አዝዞ አንዱን ብቻ ወስዷል። ነጭና ቀይ ካርኔሽን በእርጥብ ጭድ ላይ በሽቦ ተሰክቷል።

«ነጩን እየለቀምሽ እቅፍ ታደርጊዋለሽ። ግን እዚህ አልፈታውም፣ በዚህ ፀሐይ ቤትሽ ሳትደርሺ ያልቃል። ከነጭዱ ውሰጂውና ቤት ስትገቢ ፈትተሽ ባልዲ ውስጥ ንከሪው።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሪባኑን በጠስኩና ጉንጉኑን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ለገሃር ድረስ በእግሬ ወረድኩና ወደ ሳሪስ የምትሄድ ውይይት ተሳፈርኩ። ውይይት የምንላት ታክሲ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር ያላት፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ ጉልበት ለጉልበት የሚጋጭባት ናት። እዚያ ተቀምጦ ዝም ማለት አይቻልም። እኔ ጥቁር ሻሽ አስሬ፣ ዓይኔ በለቅሶ ቀልቶ፣ ጉንጉኑን ጭኔ ላይ አቁሜ ስቀመጥ ግን ታክሲዋ ጸጥ አለች። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ።»

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አለ አጠገባቸው ያለው ነጋዴ።

ያኔ «የለም፣ ሠርጌ ነው» ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን ስምንት ሰው እያዘነልኝ የሐዘን ጉንጉን ይዤ ላገባ ነው የምሄደው ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። «አሜን» አልኩ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም።

«ምንሽ ናቸው?» አሉ ሽማግሌው።

«አጎቴ።»

«ምን አገኛቸው?»

«ልባቸውን።»

«አይ፣ ልብ! ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ በስምንት ሰዓት» አልኩ። ሙሽራው የሚመጣበትን ሰዓት ነው የተናገርኩት፤ ሌላ ሰዓት በራሴ ውስጥ አልነበረም።

ረዳቱ ሂሳብ አልቀበልም አለ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት አንዲት ሴት ደግሞ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው እዚያው ታክሲ ውስጥ አዘቀዘቁት፤ ለለቅሶ እንደሚለበሰው። ሃምሳ የሚሆናቸው፣ ከሲታ፣ ልብሳቸው ንጹሕ የሆነ ሴት ናቸው።

«እኔ አብሬሽ እወርዳለሁ» አሉ። «ሐዘንተኛ ብቻዋን ቤት አትገባም።»

«አይ እትዬ፣ አይድከሙ፣ ቅርብ ነው» አልኩ።

«ድካም ነው እንዴ ይሄ?»

ታክሲው በሙሉ «ልክ ናቸው፣ ይሸኙሽ» አለ። ወረድን። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ባለው መንገድ እውነቱን ልናገር ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቴም ሴትዮዋ ጉንጉኑን በአንድ በኩል ይዘው እያገዙኝ «አይዞሽ፣ አልቅሺ፣ አትያዢው» ሲሉኝ ተመልሶ ተዘጋ። ደጃፍ ስደርስ አመስግኜ አሰናብታቸዋለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ያላሰብኩት በሩ ወለል ብሎ እንደሚጠብቀን ነው።

በግቢያችን ድንኳን ተተክሏል። የዕድራችን ድንኳን አንድ ብቻ ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም የሚተከለው እሱ ነው። ከድንኳኑ ፊት ስምንት ሴቶች ክብ ሠርተው ለዶሮው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ሁሉም ዓይናቸው እንባ ያወርዳል፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ሴትዮዋ ድንኳኑን አዩ፣ የሚያለቅሱትን ሴቶች አዩ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ወየው! ወየው የኔ መከታ!»

ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሽንኩርት ከታፊዎቹ ቢላዋቸውን ጥለው ብድግ አሉ። እኛ አገር ለቅሶ ሲሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠየቃል። ስምንቱም ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏቸው፤ እንባው እንደሆነ ዝግጁ ነበር። ድንኳን ውስጥ ጠላ ይዞ የተቀመጠው አጎቴ፣ ለሠርጉ ከሰላሌ የመጣው፣ ጣሳውን ወርውሮ ወጣና «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ መሬት ላይ ተንበረከከ። ወንድም የለውም። ማን ሞተ ተብሎ በመጨረሻ ሲጠየቅ፣ ሴትዮዋ በለቅሷቸው መሐል «የዚህች ልጅ አጎት ነዋ!» አሉ። እኔ ያለኝ አጎት አንድ ነው። አጎቴ ለቅሶውን አቁሞ ቀና አለና ደረቱን በእጁ ዳሰሰ።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለ።

እናቴ ከጓዳ የወጣችው ያኔ ነው። አየችኝ፣ ጉንጉኑን አየች፣ ሻሹን አየች። ልጅ ሆኜ ጣሳዋን የደፋሁ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አላየችኝም። በሠርግ ዋዜማ የለቅሶ ድምፅ፣ ያውም በእሷ ግቢ! በግማሽ ቃል የሆነውን ነገርኳት።

«ይሄ ነገር አሁኑኑ ከግቢዬ ይውጣ!» አለች ጉንጉኑን እያመለከተች። «ምልኪ ነው፣ ሟርት ነው! የፕላስቲኩን ትይዣለሽ!»

ጉንጉኑን አቀፍኩት። ጭዱ ቀሚሴን አርጥቦታል። የማጣው አበባውን ብቻ አልመሰለኝም፤ ሠርጌን ሁሉ የምነጠቅ መሰለኝና እኔም እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ።

ሁሉም ዝም ሲል ግን ሴትዮዋ ዝም አላሉም። ማንም እንዳልሞተ ተነግሯቸዋል፤ አፍረዋል፤ «ይቅር በሉኝ፣ ቤታችሁን አረከስኩ» ይላሉ። ለቅሶው ግን አልቆም አላቸው። ለመቆም ይሞክራሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። እናቴ ቁጣዋ ሳይበርድ ጠጋ አለቻቸው።

«እትዬ፣ ምነው? ማንም አልሞተም እኮ።»

«እኔ ሞቶብኛል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጄን። ሦስት ዓመት ሆነው። ከቤት ወሰዱት። ሬሳውንም አልሰጡኝ፣ ማልቀስ አይቻልም ተባልኩ፣ ድንኳን አልተተከለልኝ፣ ጎረቤትም ፈርቶ አልመጣ። የሰው ለቅሶ ሳገኝ እገባና አለቅሳለሁ እንግዲህ።»

እናቴ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩ ላይ ቆመ። ጩኸቱ ቀበሌ ድረስ ተሰምቷል።

«ምንድን ነው? ለቅሶ ነው እንዴ?» አለ።

«ለቅሶ? አፍህ ይቆረጥ! ሠርግ ነው!» አለችው እናቴ። «የሙሽራ እናት ልጇ ስትሄድባት ማልቀስ ተከለከለ እንዴ? ግባ፣ ጠላ ቅመስ!» ከዚያ ወደ ልጃገረዶቹ ዞራ «ምን ትጠብቃላችሁ? ምቱት እንጂ ከበሮውን!» ብላ ጮኸች።

ከበሮው ተመታ። ሽንኩርት ከታፊዎቹ ገና እንባቸው ሳይደርቅ እልል አሉ። እናቴ ሴትዮዋን ብብታቸው ሥር ይዛ መኝታ ቤት አስገባችና በሩን ዘጋችው። ጠባቂው ድንኳን ውስጥ፣ ከሞት የተመለሰው አጎቴ አጠገብ ተቀምጦ ጠላ ያዘ። እኔ ሻሼን እንዳሰርኩ ጨፈርኩ። ልጃገረዶቹ ደክሟቸው ምቱ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር እናቴ ከውስጥ በሩን በቡጢ ትደበድባለች፤ እነሱም መልሰው ያግሉታል። የሴትዮዋ ለቅሶ ውጭ እንዳይሰማ መሆኑን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ጠባቂው ብቻ ያጨበጭባል። ምናልባት እሱም ያውቅ ይሆናል፤ ጠላውን ጨርሶ ምንም ሳይጠይቅ ሄደ።

ሴትዮዋ ሲወጡ ፊታቸውን ታጥበዋል፣ ነጠላቸው ተስተካክሏል። እኔን ሲያዩ ሻሹ ሸርተት ብሎ ኖሮ ቢጎዲኖቹ ታዩዋቸው።

«ሙሽራዋ አንቺ ነሽ? አንቺ ቀጣፊ!» አሉና ሳቁ። «ነገ በስምንት ሰዓት ነው የሚቀበሩት አላልሽኝም?»

አጎቴ ከድንኳን ሆኖ «እኔንም አልነገረችኝ!» አለ።

ጉንጉኑን ምን ላደርገው እንደሆነ ነገርኳቸው። ጭናቸው ላይ አድርገው ነጭ ነጩን እየነቀሉ፣ ሽቦውን እያቃኑ ይለቅሙ ጀመር። ያ «ከግቢዬ ይውጣ» ያለችው እናቴ ባልዲ ሙሉ ውሃ አመጣች። ቆይታ ደግሞ ማንም ሳይለምናት በረንዳ ወጥታ ከጣሳዎቿ አረንጓዴ ቅጠል ቆርጣ መጣችና አጠገባቸው አስቀመጠች። ስለ ሟርት ያነሳ ሰው የለም።

ሃያ አምስቱ ሞላ፤ አንዲት ነጭ ተረፈች። እቅፉን በክር ማሰር ሲጀምሩ ያቺን አንስቼ ሰጠኋቸው።

«እትዬ፣ ይህችን ለልጅዎ ይውሰዱለት» አልኩ።

አበባዋን ይዘው ጥቂት አዩዋት።

«የት አስቀምጥለታለሁ ልጄ?» አሉኝ።

 ከሌሎቹ መሐል ሰኩዋትና ክሩን አጠበቁት።