ዛፍ ሥር የቆመችው መኪና

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ የኖረ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው የሚነዳት መኪና ዳሽቦርድ በፀሐይ ደርቆ ከመሐሉ ተሰነጠቀ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያስቆሙት አለቆቹ ራሳቸው ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንደ ተረከዝህ አሰነጠቅኸው እኮ!» አለው። የቢሮው ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ነገሩ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ።

ጡረታ ወጥቶ የራሱን አሮጌ መኪና ገዛ። ሞተሯ ያስላታል፤ አንዱ በሯ ከውስጥ አይከፈትም። ዳሽቦርዷ ግን አንዲት ስንጥቅ የለውም። «ይሄ ተሰነጠቀ ማለት እኔ ሰው አይደለሁም!» ብሎ ማለ። ባቆማት ቁጥር የፊት መስታወቷን በካርቶን ይጋርዳል፤ ዳሽቦርዱን በእርጥብ ጨርቅ እንደ ሕፃን ፊት ይጠርገዋል። ባለሱቁ ጎረቤቱ «የምግብ ዘይት ብትቀባው እኮ ያብረቀርቃል» ቢለው ሊደበድበው ምንም አልቀረው። እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድበትም፤ ለፍቶ ያገኘውን የሚጠብቅ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይነቀፍም።

ጣጣው የመጣው በዛፉ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ አንድ ነው፤ ጥላው ደግሞ የሚስቱ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው ጨለማ ስለሆነ እዚያ ውስጥ እንኳን መስፋት መርፌ ላይ ክር ማስገባትም አይታሰብም። ልጆቿን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ ፔዳል እየረገጠች ነው። እሱ ታዲያ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «እስቲ ወደ በሩ ጠጋ በይልኝ፣ መኪናዋ ትግባበት። ለጊዜው ነው» አላት።

ጠጋ አለች። በሩ አጠገብ የቀትሩ ፀሐይ አናት ይበሳል። ራሷን ያዞራት ጀመር፤ ዓይኗ እንባ እያቀረረ ስፌቱ ይጠፋባታል። ደንበኞቿ «ምነው፣ ዘንድሮ እጅሽ ተጣመመ?» ማለት አመጡ።

«ኧረ በፈጠረህ፣ አናቴ ሊፈነዳ ነው» ትለዋለች።

እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። «አንቺ ጃንጥላ መያዝ ትችያለሽ። እሷ ጃንጥላ ትይዛለች?» ይላታል።

ወይ ጉድ! በሁለት እጇ ጨርቅ እየገፋች፣ በሁለት እግሯ ፔዳል እየረገጠች፣ ጃንጥላውን በምኗ ትያዘው? በጥርሷ?

አንድ ቀን ዘዴ መጣላት። «ዳሽቦርዱ ልኩ የሆነ ልብስ ቢሰፋለት፣ ፀሐይ ላይ ብትቆም ምን ትሆናለች?» ብላ ጠየቀችው።

አሰበና፣ «ልኩ ከሆነማ ምንም አትሆንም» አለ።

ይህቺ ቃል በቃቻት። የደንበኞቿን ሥራ ወደ ጎን አለችው። ዳሽቦርዱ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም እያሻሸች ልክ አወጣች። ለራሷ ካፖርት ይሆነኛል ብላ ያስቀመጠችውን ወፍራም ጨርቅ ቀደደችው፤ ከሥሩም ለስላሳ ገበር አደረገችለት። አንዴ ፈታትታ እንደገና ሰፋችው። በመጨረሻ ስታለብሰው አንዲት ጭራሮ የምታሾልክ ክፍተት እንኳ አልነበረውም። ለልጆቿ የሠርግ ልብስም እንዲህ አልተጠበበችም።

ሰውየው ሲያየው እንባው መጣ። «እጅሽ ይባረክ! እንዲህ ያለ ሙያ ይዘሽ ነው ዝም ያልሽኝ?» አለ። እሷ ግን ሄዳ የስፌት ጠረጴዛዋን በአንድ ወገን ይዛዋለች። ፊቷ ፈክቷል።

«በል ና፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ። ወደ ዛፉ እንመልሰው።»

«ለምን?» አለ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። «አሁን እኮ ልብሱም አላት፣ ጥላውም አላት! ከእንግዲህ እኔ ብሞት እንኳ አትሰነጠቅም!»

ጠረጴዛውን ለቀቀችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር፤ የጮኸች ሴት ገና ተስፋ አላት።

በማግስቱ ልብሷን ሸከፈችና፣ «ስፌቴን ይዤ እህቴ ዘንድ መሄዴ ነው፤ አድርሰኝ» አለችው። ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። «እሺ፣ ፀሐዩ በረድ ይበል።» እሷ ግን ወጥታ ጋሪ ጠርታ ጫነች። እሱም ከኋላዋ በሩን ይዞ ቆመ። ማታ ትመለሳለች ብሎ ነበር።

ማታ አልተመለሰችም። ወሩ አለቀ፣ ሌላም ወር ተተካ። ባለሱቁ በጠየቀው ቁጥር «እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነው» ይላል፤ ባለሱቁም እውነቱን እያወቀ አንገቱን ይነቀንቅለታል። ቤቱ ጭር አለበት። ሸሚዙ ቁልፍ ሲጎድለው የሚተክልለት አጣ። ከመኪናዋ ጋር አይነጋገር ነገር!

ክረምቱ ጠንክሮ ሲገባ አላስቻለውም፤ በዝናብ ነድቶ ሄደ። ሚስቱ እህቷ ቤት በረንዳ ላይ፣ ቆርቆሮው ሥር ሆና ትሰፋለች። ፊቷ ወዙ ተመልሷል። እሱ ደጅ እንደቆመ ውሃው በአንገቱ ይወርዳል።

«ነይ እንሂድ፤ አጥፍቻለሁ» አላት። «ዛፉን ለቅቄልሻለሁ። መኪናዋን ሜዳ ላይ ነው የማቆማት።»

ቀና ብላ አየችው። አልተናደደችም፤ እሱን የገደለው ይሄ ነው።

«እኔ የለመንኩህ በበጋው ነው» አለች። «በዝናብማ ጥላ ማን ይከለክላል?»

ከዚያ ጨርቁን አስተካከለችና መስፋቷን ቀጠለች።